በዓመት አንድ ወንበር፦ ለአርሊንግተን ካውንቲ ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለአርሊንግተን ካውንቲ፣ ቨርጂኒያ፣ ቦርድ አባላት፣ እንዲሁም ቦርዱ እንዴት ይመረጥ የሚለውን ለምታጠኑ የዜጎች ቡድኖች፤

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። እናንተ አስተርጓሚ አታጡም። የኔ ጎረቤቶች ግን ስለ ምርጫ የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ሪፖርት ቁጭ ብሎ የሚያነብላቸው የላቸውም። ስለዚህ አድራሻው የናንተ ይሁን እንጂ እነሱም አብረው ያንብቡት ብዬ ነው።

ጉዳዩ ሲሰሙት ደረቅ ነው። አምስቱ የቦርድ አባላት በካውንቲው ሁሉ ይመረጡ ወይስ በየሰፈሩ? በየዓመቱ ወይስ በየሁለት ዓመቱ? መራጩ አንድ ስም ብቻ ያጥቁር ወይስ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ይደርድር? ይህን ሰምቶ የሚያዛጋ ቢኖር አልፈርድበትም። ልጅ አለ፣ ሁለት ሥራ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ። ግን ኪራዩም ቢሆን ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

እስቲ የምናውቀውን እናንሳ። በ2021 መጨረሻ ላይ ኮሎምቢያ ፓይክ ዳር ያለው ባርክሮፍት አፓርትመንት ሊሸጥ ነው ተባለ። 1,334 ቤቶች ናቸው። ገዢው ኪራዩን ቢሰቅለው ስንቱ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ዉድብሪጅ እንደሚነሳ መገመት አይከብድም። ካውንቲው 150 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። አማዞን 160 ሚሊዮን ጨመረ። ቤቶቹ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ተከራይ እንዲቆዩ ተብሎ ሽያጩ አለቀ። የካውንቲውን ብድር ያጸደቀው አምስት ሰው የሚቀመጥበት ቦርድ ነው።

ሌላም አለ። ፓይክ ላይ ስትሪትካር፣ የመንገድ ላይ ባቡር፣ ሊዘረጋ ለዓመታት ታቅዶ ነበር። በአፕሪል 2014 በተደረገ የማሟያ ምርጫ ፕሮጀክቱን የሚቃወሙት የግል ተወዳዳሪ ጆን ቪህስታት አንዲት ወንበር አሸነፉ። በኖቬምበር ደገሙት። በሁለት ሳምንቱ ቦርዱ ፕሮጀክቱን ሰረዘው። ባቡሩ ይበጀን ነበር አይበጀንም የሚለው ክርክር ዛሬም ቡና ላይ ሲነሳ ያነታርካል፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ልብ ያልኩት ሌላ ነገር ነው። በአንዲት ወንበር ላይ የተደረገ፣ ካውንቲው በሙሉ የተሳተፈበት ምርጫ የእኛን መንገድ ዕጣ ወሰነ። ድምፅ ከሰጡት ብዙዎቹ ፓይክን በመኪና የሚያልፉባት እንጂ የሚኖሩባት አልነበሩም።

ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

ስለ አመራረጥ ሲወራ ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄ ነው የሚነሳው። አንዱ በዲስትሪክት፣ ካውንቲው በየሰፈሩ ተከፋፍሎ፣ ይሁን አይሁን ነው። ሁለተኛው በደረጃ መምረጡ፣ ራንክድ ቾይስ የሚባለው፣ ይቀጥል አይቀጥል ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ግን ከሁለቱም የሚበልጠው ብዙ ሰው የማያነሳው ነው፦ በአንድ ጊዜ ስንት ወንበር ለምርጫ ይቀርባል?

አሁን ያለው አካሄድ ይኸውላችሁ። አምስት አባላት አሉ። የእያንዳንዱ ዘመን አራት ዓመት ነው። ግን ሁሉም በአንድ ላይ አይመረጡም። በ2023 ሁለት ወንበር፣ በ2024 አንድ፣ በ2025 አንድ፣ በ2026 አንድ፣ ከዚያ በ2027 እንደገና ሁለት። ከአራት ዓመት ሦስቱ አንድ ወንበር ብቻ ነው ለውድድር የሚቀርበው።

አንድ ወንበር ማለት ደግሞ ሂሳቡ ግልጽ ነው። ከመቶ መራጭ 51ዱ የፈለገው ያሸንፋል፣ 49ኙ ባዶ እጁን ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አንድ ወንበር ይመጣል። ያው 51 ሰው እንደገና ያሸንፋል። በሦስተኛውም ዓመት እንዲሁ። ማንም አላጭበረበረም፣ ማንም ሕግ አልጣሰም። ግን አራት ዓመት ሲሞላ ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ቦርዱ ላይ አንድም የኔ የሚለው ሰው ላይኖረው ይችላል።

በደረጃ መምረጥ ይህን አይፈታውም። ለአንድ ወንበር በደረጃ መምረጥ የሚጠቅመው ተወዳዳሪ ሲበዛ ድምፅ ተከፋፍሎ ጥቂት ደጋፊ ያለው ሰው በአቋራጭ እንዳያልፍ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ አልጠላውም። የመጨረሻው አሸናፊ ግን ያው የብዙኃኑ ሰው ነው። ስልቱ ጉልበት የሚያገኘው ብዙ ወንበር በአንድ ላይ ሲቀርብ ነው። ሁለት ወንበር ሲሆን ለማሸነፍ ከመቶ 34 ድምፅ ይበቃል፤ 34 የሚያገኝ ከሁለት ሰው በላይ ሊኖር አይችልምና። ሦስት ሲሆን 26። አራት ሲሆን 21። ያኔ አንድ አምስተኛ የሚሆነው ሕዝብ፣ ተከራዩ በሉት፣ ስደተኛው በሉት፣ ከፈለጋችሁም ሪፐብሊካኑ በሉት፣ ተባብሮ አንድ ሰው ማስገባት ይችላል። ከዚያ በላይ አይደለም፤ አንድ ሰው። ግን ያ አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ «ይሄ ነገር ለኛ እንዲህ ነው» ማለት ይችላል።

የአርሊንግተን ሲቪክ ፌደሬሽን ያቋቋመው የጥናት ቡድን ቦርዱ ከአምስት ወደ ሰባት እንዲያድግና በደረጃ እንዲመረጥ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ሥራቸውም ያስመሰግናል። የኔም ልመና ከዚያ ብዙ አይርቅም፦ ሰባት ሰው ይሁን፤ ሦስቱ በአንድ ጊዜ፣ አራቱ ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ ጊዜ ይመረጡ። ካውንቲው በ2020 ቆጠራ 238 ሺህ ነዋሪ ተቆጥሮበታል። ለአምስት ሲካፈል ለአንድ የቦርድ አባል ወደ 48 ሺህ ሰው ነው። ሰባት ቢሆኑ 34 ሺህ ይደርሳል። እሱም ትንሽ አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ ከሚሆን ካውንቲውን ወደ ዲስትሪክት ከፋፍለን ደቡቡ የራሱን ሰው አይመርጥም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይህን ሐሳብ የሚያነሱ ሰዎች ከመሬት ተነስተው አይደለም። ታሪኩ ከጀርባቸው አለ።

ከ1932 በፊት አርሊንግተን ሦስት ዲስትሪክት ነበረው፤ እያንዳንዱ የራሱን ሰው ይልክ ነበር። በ1930 በሕዝበ ውሳኔ አዲሱ አሠራር መጣ፦ በካውንቲው ሁሉ የሚመረጡ አምስት የቦርድ አባላትና ቦርዱ የሚቀጥረው ማናጀር። ለአስተዳደሩ ጠቀመ፤ ማናጀሩ ዛሬም አለ። ግን ጥቁር ነዋሪዎች በጥቂት ሰፈሮች ተሰብስበው ይኖሩ ነበር። ግሪን ቫሊ፣ ሆልስ ሂል፣ ከፓይክ አጠገብ ደግሞ ጆንሰንስ ሂል። ድምፃቸው ዲስትሪክት ውስጥ ክብደት ነበረው። በካውንቲው ሁሉ ሲሆን ሟሟ። በ1942 የፔንታጎን መንገዶች ሲሠሩ ክዊን ሲቲ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ሙሉ በሙሉ ሲፈርስ ቦርዱ ላይ የነሱ የሚሉት ሰው አልነበረም። ዊሊያም ኒውማን የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ቦርዱ ውስጥ ለመግባት የተመረጡት በ1987 ነው። አዲሱ አሠራር በ1932 ሥራ ላይ ከዋለ 55 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የ1930ዎቹ ሰዎች ይህን አስበውበት ነው ወይስ ሳያስቡት የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እተወዋለሁ። ውጤቱ ግን ይኸው።

የትምህርት ቦርዱም ታሪክ አለው፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ይቆጨኛል። ቨርጂኒያ ውስጥ የትምህርት ቦርድ አባላትን በሕዝብ ድምፅ መምረጥ የጀመረው አርሊንግተን ነው፣ በ1947። በ1956 ቦርዱ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች ቀስ በቀስ አብረው እንዲማሩ እቅድ ሲያወጣ ሪችመንድ ያለው የቨርጂኒያ መንግሥት ተቆጣ። ቅጣቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ገንዘብ አልቀነሱም፣ ሰው አላሰሩም። የመምረጥ መብቱን ነጠቁት። ቦርዱ እንደገና በሕዝብ እንዲመረጥ የተፈቀደው በ1990ዎቹ ነው። በዚህ መሃል ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ቆይቶ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1959 አራት ጥቁር ልጆች ስትራትፎርድ ትምህርት ቤት ገቡ። ዛሬ ልጆቻችን የሚማሩበት ዶረቲ ሃም ሚድል ስኩል ማለት ያ ሕንጻ ነው። «የአመራረጥ ዘዴ የወረቀት ጉዳይ ነው» ለሚለኝ ሰው መልሴ ይኸው ነው። ሪችመንድ የነበሩት ሰዎች የት ጋ ቢመቱ እንደሚያም ያውቁ ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለምን ዲስትሪክት አልልም? ለጥቁር አሜሪካውያን ሰፈሮች በዚያ ዘመን ዲስትሪክት መልስ ነበር። ዛሬ ለኛ ዓይነቱ ሕዝብ መልስ አይሆንም። የሐበሻ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ አይኖርም። ፓይክ ላይ አለን፣ ቦልስተን አካባቢ አለን፣ ሱቃችን አንድ ጋ፣ ቤተክርስቲያናችን ሌላ ጋ፣ መስጊዳችን ሌላ ጋ ነው። ሞንጎሎቹም፣ ቦሊቪያኖቹም፣ ባንግላዴሾቹም እንደዚሁ። ደግሞ ተከራይ ነን። ኪራይ ሲጨምር እንነሳለን። በአሥር ዓመት አንዴ በቆጠራ የተሠመረ መስመር እኛን ይዞ አይቆይም። መስመሩ እዚያው ይቀራል፣ ሰዎቹ አሌክሳንድሪያ ገብተዋል።

የጎረቤቶቻችንን አሠራርም አይተናል። ፌርፋክስ ዘጠኝ በዲስትሪክት፣ አንድ ሰብሳቢ በካውንቲው ሁሉ ይመርጣል። አሌክሳንድሪያ ከንቲባውንና ስድስቱን የካውንስል አባላት በየሦስት ዓመቱ በአንድ ቀን ይመርጣል፤ የትምህርት ቦርዱን ግን በሦስት ዲስትሪክት ከፍሎ ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ሰው ያወጣል። ሞንጎመሪ ካውንቲ በ2020 ለሕዝብ አቅርቦ ካውንስሉን ከዘጠኝ ወደ 11 አሳደገ፣ ሰባት በዲስትሪክት፣ አራት በካውንቲው ሁሉ። ስለዚህ ቁጥር መጨመር ሰማይ አይደፋም። ወንዙን ተሻግረው ያሉ ሰዎች አድርገውታል።

የኔ ሐሳብም ጉድለት የለውም አልልም። ትልቁን ራሴው ልናገር። በየዓመቱ ምርጫ መኖሩ ሕዝቡ በየዓመቱ እንዲቆጣ ዕድል ይሰጠዋል። የ2014ቱ የስትሪትካር ጉዳይ የተቀለበሰው ለዚህ ነው። በሁለት ዓመት አንዴ ቢሆን ኖሮ ቁፋሮው ተጀምሮ ሊሆን ይችል ነበር። ይህ ከባድ ክርክር ነው፤ አጥኚዎቹ በደንብ ይመዝኑት። እኔ ግን በየዓመቱ ከሚያሸንፍ አንድ ወገን ይልቅ በሁለት ዓመት አንዴ ሁሉም ድርሻውን የሚያገኝበትን እመርጣለሁ። ደሞዝና የስብሰባ ርዝመት ይጨምራል የሚለውን ግን ብዙ አልጨነቅበትም። የዕድር ዳኞች ሲበዙም ስብሰባ ይረዝማል፤ ግን የሁሉም ሰፈር ለቅሶ ይደረሳል።

አሁን ወደ 2023 ልመለስ። እዚያ ላይ አንድ ትምህርት አለ፣ ተሸፋፍኖ እንዲቀር አልፈልግም።

ሪችመንድ በ2020 ያወጣው ሕግ ከተሞችና ካውንቲዎች ለቦርድና ለካውንስል ምርጫ በደረጃ መምረጥን እንዲሞክሩ ፈቀደ። አርሊንግተን በጁን 2023 የዴሞክራቶች ፕራይመሪ፣ ፓርቲው ለኖቬምበር ዕጩዎቹን በሚለይበት ምርጫ፣ ሞከረው። ሁለት ወንበር ነበር፣ ስድስት ተወዳዳሪ። መራጩ እስከ ሦስት ሰው መደርደር ይችል ነበር። ወቅቱ ደግሞ አንድ ቤት ብቻ ይፈቀድበት በነበረ ቦታ ብዙ ቤተሰብ የሚይዝ ቤት ይሠራ በሚለው ሕግ ካውንቲው ለሁለት ተከፍሎ የሚነታረክበት ነበር።

ያኔ አንዲት የፎቃችን እናት ምርጫ ጣቢያ አድርሺኝ አሉኝ። እማማ ነው የምንላቸው። እንግሊዝኛ አያነቡም። ሕጉ እርዳታ የሚያስፈልገው መራጭ የሚያምነውን ሰው ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ አሠሪው ወይም ወኪሉ፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም ወኪል ብቻ ናቸው የተከለከሉት። የጣቢያው ሠራተኛ በትህትና ቅጹን ሰጠን፣ ሞላን፣ ገባን። ወረቀቱ ሰንጠረዥ ነው። ስሞቹ ወደ ታች፣ 1 2 3 ወደ ጎን፣ በየመገናኛው ክብ። እማማ መነጽራቸውን አስተካክለው ትንሽ አዩትና «ምልክታቸውስ?» አሉኝ። አገር ቤት የምርጫ ወረቀት ላይ ምልክት አለ፤ ንብ የማን እንደሆነ ማንበብ የማይችል ሰውም ያውቃል። እዚህ ስም ብቻ ነው አልኳቸው። የስድስቱንም ስም አነበብኩላቸው። አንዱን ያውቁታል፣ አፓርትመንቱ በር ላይ ቆሞ ሰላም ብሏቸው ነበር። «በቃ ሦስቱንም ለሱ ስጪልኝ» አሉ።

ሦስት ጊዜ ቢሞላለትም አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚቆጠር ነገርኳቸው። አላመኑኝም። «ሦስት ሰጥተውኝ እንዴት አንድ ይሆናል? የሁለቱስ የት ይሄዳል?» ከኋላችን ሰው እየጠበቀ ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚታየው አንደኛቸው ከውድድር ከወጣ፣ ወይም ለማለፍ ከሚበቃው በላይ ትርፍ ድምፅ ካገኘ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ቆም ብለው አሰቡና «ታዲያ ይህን ቤታችን ሳለን ማን ነገረን?» አሉ።

ማንም አልነገራቸውም። ጥያቄው ደግሞ የአንድ አሮጊት ጥያቄ አልነበረም። ፕራይመሪው ካለቀ በኋላ ብዙ ሰው፣ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበትም ጭምር፣ የትርፍ ድምፅ አከፋፈሉ ግራ እንደገባው ሲናገር ተሰማ። በጁላይ ቦርዱ ለኖቬምበሩ ምርጫ ስልቱን አንጠቀምም አለ። ከተነሱት ስጋቶች አንዱ ማብራሪያው ለሁሉም ማኅበረሰብ እኩል አልደረሰም የሚል ነበር። በኋላ ለፕራይመሪ እንዲቀጥል ተወሰነ፣ በ2024 ደግሞ በኖቬምበር ምርጫም ሥራ ላይ ዋለ። መልካም። ግን ልብ በሉ፦ 2023 ላይ ማስረዳቱ ሲጎድል የቆመው ስልቱ ነው። «ሕዝቡ አልገባውም» ተባለ። ሕዝቡ እንዲገባው ያልሠራው ማን ነው?

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ላክል፤ ይህን ብዙ የኛ ሰው አያውቀውም። ካውንቲ የምርጫ ወረቀቱን በሌላ ቋንቋ እንዲያዘጋጅ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ አለ፣ ከ1975 ጀምሮ። ሕጉ የሚሸፍነው የእስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ የእስያውያንን፣ የአሜሪካና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ቋንቋ ብቻ ነው። የአፍሪካ ቋንቋ የለበትም። ስለዚህ ነገ ካውንቲው ግማሹ አማርኛ ተናጋሪ ቢሆን እንኳ በዚህ ሕግ የምርጫ ወረቀት በአማርኛ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ዲሲ በ2004 ባወጣው የራሱ ሕግ አማርኛን የመንግሥት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጓል። እንግዲህ እኛ ጋ ሁሉም ነገር በናንተ በጎ ፈቃድ ላይ ነው የተንጠለጠለው። በጎ ፈቃዳችሁን እያቃለልኩ አይደለም። ግን አመራረጡን ከቀየራችሁ በኋላ ለምርጫው ሳምንት ሲቀረው የሚበተን ባለ አንድ ገጽ ወረቀት አይበቃንም። ከመወሰናችሁ በፊት፣ ሐሳቡ ገና ሲጠና፣ በአማርኛም ንገሩን። አማርኛውንም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ያንብበው። አንድ መሥሪያ ቤት በማሽን አስተርጉሞ የላከውን ማስታወቂያ ይዘን ስንስቅ የዋልንበት ቀን አለ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ያወቀ ሰው አልነበረም።

ከዚህ ጋር፣ አመራረጡን የሚያጠና ቡድን ውስጥ ማን ይቀመጣል የሚለው አለ። የተለመደው ሰው ይታወቃል። ቤት ያለው፣ ጡረታ የወጣ ወይም ሰዓቱ የሚመቸው፣ የሰፈር ማኅበር ውስጥ ዓመታት ያገለገለ። ክፋት የለውም፣ አገልግሎቱን አከብራለሁ። ግን አመራረጡ የሚጎዳው ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ካልተቀመጠ የሚጎድለውን የሚነግራችሁ አይኖርም። ግሪን ካርድ ያለው ነዋሪም ይግባ። ቨርጂኒያ ውስጥ ዜጋ ያልሆነ ሰው መምረጥ አይችልም፤ እሱን ዛሬ አልከራከርበትም። ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለከተማዋ ምርጫ ትፈቅዳለች፣ ዲሲም በቅርቡ ፈቅዷል። እኛ ጋ ድምፅ መስጠት ባይችልም ሐሳብ መስጠት ግን ምን ይከለክለዋል? ግብር ይከፍላል፣ ልጁ በናንተ ትምህርት ቤት ነው።

ለናንተም፣ ደብዳቤውን አብራችሁ ለምታነቡት ወገኖቼ፣ አንድ ነገር አለኝ። እዚህ ካውንቲ ዋናው ውድድር አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በጁን ነው። ኖቬምበር ላይ የምንሰለፈው ለፕሬዝዳንት ወይም ለገዥ ነው፤ የቦርዱ ነገር ያኔ ከሞላ ጎደል አልቋል። «እኔ እኮ ፓርቲ አልተመዘገብኩም» ትላላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ በፓርቲ መመዝገብ የሚባል የለም። የተመዘገበ መራጭ ሁሉ ፕራይመሪው ሲደርስ ከሁለቱ የአንዱን ወረቀት ጠይቆ ይመርጣል። ምርጫው ከመድረሱ 45 ቀን በፊት ጀምሮ አስቀድሞ መምረጥም ይቻላል። ቀን የምትሠሩ፣ ማታ የምትሠሩ፣ ኡበር የምትነዱ፣ ሰበብ የለንም። የሰበካ ጉባኤ ምርጫ ሲሆን እኮ ሌሊቱን ሙሉ በስልክ ስንቀሰቅስ ነው የምናድረው።

የቦርዱ አባላት ሆይ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲ ሪችመንድ ያልፈቀደለትን እንደማያደርግ አውቃለሁ። የአባላቱን ቁጥርም ሆነ የምርጫውን ዙር በራሳችሁ ፈቃድ ብቻ አትቀይሩትም። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ነገ ጠዋት ሰባት ወንበር አምጡ አይደለም። ጥናቱ በአንድ ጊዜ ስንት ወንበር ይቅረብ የሚለውን ከዲስትሪክቱና ከራንክድ ቾይሱ ጥያቄ አስቀድሞ ያንሳ። የሦስትና የአራት ወንበር ምርጫ ምን ውጤት እንደሚሰጥ ሕዝቡ ፊት ቁጭ ብላችሁ በናሙና ወረቀት አሳዩን፤ ትርፍ ድምፅ እንዴት እንደሚከፋፈል እማማን የሚያሳምን አስረጂ አምጡ። እሳቸውን ካሳመነ ማንንም ያሳምናል። ከዚያ ሐሳቡ ሪችመንድ ይሂድ፣ ወኪሎቻችንም ረቂቅ ያቅርቡበት።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ስለ ሰዓት። የቦርዱ መደበኛ ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ጠዋት የሆቴሉ ሠራተኛ፣ የፓርኪንጉ ሠራተኛ፣ የሬስቶራንቱ አብሳይ ሥራ ላይ ናቸው። በዚህ ጉዳይ ሕዝብ የምታወያዩ ከሆነ ቢያንስ አንዱን መድረክ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፓይክ ላይ አድርጉት። ቡናውን እኛ እናፈላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከኮሎምቢያ ፓይክ ተከራዮች አንዷ